ነጩን ፈልጉ፦ ባለ ነጭ ጉንጭ ቱራኮን በደጋ ጫካ ውስጥ ለይቶ ስለማወቅ

በአገራችን ደጋ ጫካዎች ከሚኖሩ ወፎች መካከል ባለ ነጭ ጉንጭ ቱራኮን በቀለም የምትስተካከል አለች ብዬ አላምንም። ራሷ ላይ ሰማያዊ ያዘለ ጥቁር ጉትዬ አላት። አንገቷና ደረቷ አረንጓዴ፣ ጀርባዋና ጅራቷ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሰማያዊ፣ መንቁሯ ብርቱካናማ ቀይ ነው፤ ክንፏን ስትዘረጋ ደግሞ ተደብቆ የነበረ ሌላ ደማቅ ቀይ ይገለጣል። ሥዕሏን በመጽሐፍ ላይ ያየ ሰው ጫካ ገብቶ እርሷን ለማወቅ የሚቸገር አይመስለውም። ብዙዎች ግን እርሷ ባለችበት ጫካ ቀኑን ሙሉ ተዘዋውረው ሳያዩአት ይመለሳሉ፤ ወይም አንድ አረንጓዴ ነገር በቅጠል መካከል ሽው ሲል አይተው «በቀቀን ይሆናል» ብለው ያልፋሉ።

እኔ ለዓመታት በእረፍት ቀኖቼ ወደ መናገሻ ሱባ፣ ወደ ደብረ ሊባኖስ፣ ሲመቸኝም ወደ ወንዶ ገነት እየሄድኩ ይህችን ወፍ ስከታተል ኖሬአለሁ። አብረውኝ የሚመጡ ወዳጆቼና ልጆቻቸው የሚያነሡት ጥያቄ ሁልጊዜ ተመሳሳይ በመሆኑ፣ እንዴት እንደምትገኝና እንዴት እንደምትለይ የተማርኩትን በጽሑፍ ላስቀምጠው ወሰንኩ። ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ይህን ነው፦ ቀለሟን ለመፈለግ አትነሡ። መጀመሪያ ድምፅዋን ስሙ፣ ቀጥሎ እንቅስቃሴዋን ተከታተሉ፣ ከዚያም ጉንጯ ላይ ያለውን ነጭ ፈልጉ። አረንጓዴውና ቀዩ የሚመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል ጫካው ራሱ ያስረዳል። ቱራኮ የምትውለው በረጃጅም ዛፎች ጫፍ ላይ ነው። ሽቅብ የሚያያት ሰው ፊት ለፊቱ ብሩህ ሰማይ ስለሚኖር ወፏ ጥቁር ጥላ ሆና ትታየዋለች። ከበታች የሚታየው ሆዷ ደግሞ ግራጫ እንጂ አረንጓዴ አይደለም። አረንጓዴው ደረቷ በአረንጓዴ ቅጠል ውስጥ ይጠፋል፤ ሰማያዊው ጀርባዋ ከላይ ነው፤ ቀዩ በተከደነ ክንፍ ውስጥ ታጥፏል። ስለዚህ ያ ሁሉ ውበት ለተመልካቹ የሚገለጠው ወፏ ስትንቀሳቀስና ብርሃን ሲያገኛት ብቻ ነው። በጨለመ ጥላ ውስጥ እንኳ ብርሃን የሚመልሰው አንድ ነገር ነጩ ነው።

በጆሮ እንጀምር። ቱራኮ ከፍ ያለ ድምፅ አላት፤ ዜማ ግን የላትም። ከጉሮሮ የሚወጣ፣ ሻካራ፣ የሚያጉረመርም፣ ተደጋግሞ የሚመጣ ጩኸት ነው። አንዷ ስትጀምር ከማዶ ሌላዋ ትቀበላለች፤ አንዳንድ ጊዜም ጥሪው ከሸለቆው ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ይቆያል። አብዝታ የምትጮኸው ንጋት ላይና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ዝም ትላለች። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ረፋድ ላይ ተነሥቶ እኩለ ቀን ላይ ጫካ የሚገባ ሰው ከሁሉ የሚጠቅመውን ምልክት አስቀድሞ አጥቷል ማለት ነው። በጨለማ ተነሡ፤ ፀሐይ ሳትወጣ ጫካው ጫፍ ላይ ቁሙ፤ ለተወሰነ ጊዜ አትራመዱ፣ አድምጡ ብቻ።

በእነዚሁ ጫካዎች ውስጥ ከቱራኮ ጋር የሚምታቱ ሁለት ድምፆች አሉ። አንደኛው የጉሬዛ ነው። ጉሬዛ ንጋት ላይ የሚያሰማው ጩኸት ከቱራኮ ይልቅ ጥልቅና ረጅም ነው፤ እንደ ማጉረምረም ይጀምርና ተንከባሎ ይሄዳል፣ ደረትም የሚያንቀጠቅጥ ዓይነት ነው። ሁለተኛው ጉንጩ ብርማ የሆነ ትልቁ ቀንዳም መንቁር ወፍ ነው፤ እርሱ አንቧርቆ ይጮኻል፤ ሲበርም ክንፉ አየሩን ሲቀዝፍ ከሩቅ ይሰማል። የቱራኮ ክንፍ እንዲህ አይሰማም። እነዚህን ሦስት ድምፆች አንድ ማለዳ በጥሞና ያደመጠ ሰው ከዚያ በኋላ አይቸገርም። ስልካችሁ ላይ መቅጃ ካለ ቅዱትና ማታ ቤታችሁ ሆናችሁ ደግማችሁ ስሙት፤ እኔ ከመጽሐፍ ይልቅ በዚህ ብዙ ተምሬአለሁ።

ድምፁ ከየት ዛፍ እንደመጣ ከታወቀ በኋላ ዓይን ሥራውን ይጀምራል። ይሁን እንጂ አሁንም ወፉን አትፈልጉ፣ የሚንቀሳቀስ ቅርንጫፍ ፈልጉ። ቱራኮ መብረር የምትችል ሆና ሳለ በዛፍ ውስጥ የምትሄደው በእግሯ ነው። በአግዳሚ ቅርንጫፍ ላይ ትሮጣለች፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ትዘላለች፣ ከግንዱ አጠገብ ጀምራ እየተወነጨፈች እስከ ጫፉ ትወጣለች። ይህን ቅልጥፍና የሰጣት የእግሯ አሠራር ነው፤ አራተኛዋ ጣት እንደ ሁኔታው ወደ ፊትም ወደ ኋላም መዞር ትችላለች። በዚያ አካሄዷ የተነሣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያያት ሰው ጦጣ ወይም ሽኮኮ ያየ ይመስለዋል። ቅጠል ውስጥ የሚሮጥ ነገር አይታችሁ ረጅም ጅራት ከኋላው ከተከተለ፣ «ወፍ አይደለም» ብላችሁ ዓይናችሁን አታንሡ።

ከአንድ ዛፍ ወደ ሌላ ዛፍ ስትሻገር ደግሞ መጀመሪያ ወደ ዛፉ ጫፍ ትወጣለች፤ ከዚያ ጥቂት ጊዜ ክንፏን አርገብግባ ቁልቁል ትንሳፈፋለች። ክንፎቿ አጫጭርና ክብ ስለሆኑ በረራዋ ከባድ ነው፣ ሩቅም አትሄድም። ሰፊ ሜዳ ማቋረጥም አትወድም። ዛፉ ጫፍ ላይ እስክትደርስ ድረስ ባይኖኩላራችሁን (ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽር) አንሥታችሁ ጠብቁ፤ ስትንሳፈፍ የክንፏ ቀይ የሚታየው ለአጭር ጊዜ ነውና።

አሁን ወደ ነጩ እንምጣ። ባለ ነጭ ጉንጭ ቱራኮ ፊቷ ላይ ሁለት ነጭ ምልክቶች አሏት። አንዱ ከዓይኗ ፊት ለፊት፣ በመንቁሯና በዓይኗ መካከል ያለ ትንሽ ነጭ ነው። ሁለተኛው ከጆሮዋ አካባቢ ተነሥቶ በአንገቷ ጎን ቁልቁል የሚወርድ ነጭ መስመር ነው። ዓይኗን የከበበው ቆዳ ቀይ ነው። እነዚህ ሁለት ነጮች አንድ ላይ ሲታዩ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም፤ በኢትዮጵያ ደጋ ጫካ ውስጥ ይህን ዓይነት ፊት ያለው ሌላ ወፍ የለም። ተባዕቱና እንስቷ በመልክ አንድ ስለሆኑ ፆታቸውን በዓይን ለመለየት አትድከሙ። ጫጩቶች ካደጉ በኋላ ገና ሳይጎለምሱ ቀለማቸው የደበዘዘ ነው፣ የክንፋቸው ቀይም አነስ ይላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ወላጆቻቸው በአቅራቢያቸው ስለሚኖሩ ትንሽ መቆየት በቂ ነው።

ባይኖኩላር ለሌላችሁ ልንገራችሁ፤ የግድ አይደለም። ቱራኮ ከመንቁሯ እስከ ጅራቷ ጫፍ 43 ሳንቲ ሜትር ያህል ናት፤ ትንሽ ወፍ አይደለችም። በጥሩ ብርሃን ነጩ መስመር በባዶ ዓይን ይታያል። መግዛት የምትችሉ ከሆነ ግን 8 በ42 የሚባለውን፣ ማለትም ስምንት እጥፍ የሚያጎላና የፊት መስተዋቱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር የሆነውን ምረጡ። ከዚያ የበለጠ የሚያጎላው በእጅ ሲያዝ ይንቀጠቀጣል፤ እይታውም ስለሚጠብ በቅርንጫፍ ላይ የምትሮጥ ወፍን ለመከተል አይመችም።

ቀዩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔን ለዚህች ወፍ ያሰገደኝ እርሱ ነውና። የአብዛኞቹ ወፎች ቀይ ከሚበሉት ምግብ የሚገኝ ቀለም ነው። አረንጓዴያቸው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እውነተኛ አረንጓዴ ቀለም ሳይሆን ብርሃን በላባው አወቃቀር ላይ ሲያርፍ የሚፈጠር ነው። ቱራኮዎች ግን ከሌሎች ይለያሉ፤ ቀያቸውም አረንጓዴያቸውም በውስጡ መዳብ ያለበት፣ ሰውነታቸው ራሱ የሚሠራው ቀለም ነው። እንግሊዛዊው ኬሚስት አርተር ኸርበርት ቸርች እ.ኤ.አ. በ1869 የቱራኮን ቀይ ላባ መርምሮ መዳቡን አገኘ፤ ቀለሙንም ቱራሲን ብሎ ሰየመው። ቱራሲን በንጹሕ ውኃ አይለቅም፤ ሳሙና ባለበት ወይም አልካሊ በሆነ ውኃ ግን ይሟሟል። ጫካ ውስጥ የወደቀ ቀይ የክንፍ ላባ ካገኛችሁ፣ ጠቆር ያለ ጠርዝ ያለውና መካከሉ አንድ ወጥ ቀይ የሆነ ከሆነ የቱራኮ ነው። አንድ ላባ ብቻ መገኘቱም ወፏ በዚያ ጫካ እንዳለች የሚመሰክር ጥሩ ማስረጃ ነው። ላባውን ፎቶ አንሥታችሁ እዚያው ተዉት።

በጸሐይ ተቃራኒ ስትበር ይህ ቀይ ብርሃን አሳልፎ ያበራል። ያን ያየ ልጅ አይረሳውም። የወዳጄን ልጅ መናገሻ ይዣት ሄጄ ነበር፤ ሲበረታ የቆየው ቅዝቃዜ አድክሟት «ጋሼ፣ እንመለስ» ስትለኝ ሁለት ቱራኮዎች ከጽዱ ጫፍ ተነሥተው በላያችን አለፉ። ከዚያ በኋላ የምንመለሰው መቼ እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ ይልቁንም የወደቁ ላባዎች ስትፈልግ ውላ ነው በስንት ልመና ወደ መኪናው የመጣችው።

አሁን ሰዎች ከቱራኮ ጋር ስለሚያምታቷቸው ወፎች ልንገራችሁ። ከሁሉ የሚበዛው ግራ መጋባት ከበቀቀኖች ጋር ነው። በእነዚሁ ደጋ ጫካዎች ውስጥ የኢትዮጵያ ብቻ የሆነው ባለ ቢጫ ግንባር በቀቀን ይኖራል፤ አረንጓዴ ነው፣ ፊቱ ቢጫ ነው፣ ጅራቱ አጭር ነው። በቡድን ሆኖ በፍጥነት እየበረረና ቀጭን ሹል ጩኸት እያሰማ ያልፋል። ሌላው ጥቁር ክንፍ ያለው ትንሹ በቀቀን ነው፤ ከድንቢጥ ብዙም አይበልጥም፣ መንቁሩ ቀይ ነው፣ ተባዕቱ ግንባሩም ቀይ ነው። ሁለቱም ጅራታቸው አጭር፣ በረራቸው ፈጣንና ቀጥተኛ ነው፤ በክንፋቸው ውስጥ ቀይ የላቸውም። አረንጓዴ ወፍ በፍጥነት ክንፉን እያርገበገበ በቀጥታ ካለፈ ቱራኮ አይደለችም።

ሁለተኛው ናሪና ትሮገን የሚባለው ነው። ይህ ደግሞ ሌላ ውብ ወፍ ነው፤ ጀርባው አረንጓዴ፣ ተባዕቱ ሆዱ ደማቅ ቀይ ነው። ወንዶ ገነትና በላንጋኖ ዙሪያ ባሉ ጫካዎች ይገኛል። ሰዎች «አረንጓዴና ቀይ» ብለው ሲነግሩኝ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ቀዩ የቱ ጋ ነው? ሆዱ ላይ ከሆነ ትሮገን ነው፤ ክንፉ ውስጥ ከሆነ ቱራኮ ናት። ባሕርያቸውም አይመሳሰልም። ትሮገን በጫካው መካከለኛ ከፍታ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ አይንቀሳቀስም፤ ጉትዬ የለውም፤ መንቁሩም ቢጫ ነው። ቱራኮ አንድ ቦታ ላይ እንዲህ አትረጋም።

አረንጓዴ ርግቦችም አሉ። እነርሱ ሾላና ዋርካ ላይ ከቱራኮ ጋር ሊገኙ ይችላሉ። ርግብ ግን አጠር ያለ ቅርጽ፣ ትንሽ ራስ እና ጉትዬ የለሽ አናት ስላላት አንዴ በደንብ ከታየች ትለያለች። ወደ ቆላ ስትወርዱ በግራር መካከል ረጅም ጅራትና ጉትዬ ያላቸው ግራጫና ነጭ ወፎች ታያላችሁ፤ እነርሱ ከቱራኮ ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ዘመዶቿ ናቸው፣ ነገር ግን አረንጓዴም ቀይም የላቸውም። ይህ ቤተሰብ በሙሉ የሚገኘው በአፍሪካ ብቻ ነው።

የት እንደምትገኝ ለሚጠይቁ ከአዲስ አበባ ቅርብ የሆነው የመናገሻ ሱባ ጫካ ነው፤ በወጨጫ ተራራ ጎን ላይ ያለ የጽድና የዝግባ ደን። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ተብሎ ይነገራል። ወፍ ዋሻ ራሱ በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ሲና በላይ ያለ ታላቅ ደን ነው፤ ቱራኮ እዚያም አለች። በዚያ አካባቢ ያገኘኋቸው አንዳንድ አረጋውያን ሶሪት ይሏታል። ደብረ ሊባኖስ ደግሞ ጥሩው ነገር ወፏ ከሰው ጋር መለማመዷ ነው። በገዳሙ ዙሪያ ባሉ ትልልቅ ዛፎች ላይ በአንጻራዊ ሁኔታ ዝቅ ብላ ትገኛለች፤ ጀማሪ ሰው ነጩን መስመር ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል ማየት የሚችለው እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ። በገዳም ቅጥር ስትገቡ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ሰው ወደሚጸልይበት አቅጣጫ ባይኖኩላርም ካሜራም አታዙሩ።

እዚያ አንድ መነኩሴ የሰጡኝን ምክር እስከ ዛሬ እሠራበታለሁ። «አባታችን፣ ይህች ቀይ ክንፍ ያላት ወፍ ከየት በኩል ነው የምትመጣው?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ከየት እንደምትመጣ ተወው፤ የትኛው ዛፍ እንዳፈራ እይ፤ ፍሬው ካለ እርሷ አትቀርም» አሉኝ። እውነት ነው። ቱራኮ በዋናነት ፍሬ በል ናት። ሾላ ሲበስል ሾላው ላይ፣ የጽድ ፍሬ ሲደርስ ጽዱ ላይ፣ የዝግባው ሲሆን ዝግባው ላይ ትገኛለች። በጫካ ውስጥ ከመዞር ይልቅ ያፈራ ዛፍ አግኝቶ ከሥሩ ራቅ ብሎ መቀመጥ ይበልጣል። መሬት ላይ የተመጠጠ ወይም በከፊል የተበላ ፍሬ ትኩስ ሆኖ ካያችሁ ከበላይ ያለ ነገር አለ ማለት ነው፤ ጉሬዛ ይሆናል፣ ቀንዳም መንቁር ይሆናል፣ ቱራኮም ትሆናለች። ቀና ብላችሁ ነጩን ፈልጉ።

ፍሬ የምትውጠው ወፍ ዘሩን ሩቅ ወስዳ ትጥላለች። የደጋ ዛፎቻችን ከሚራቡባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ የባሕር ዛፍ ተክል ብቻ የለበሰ ተራራ ባየሁ ቁጥር ያመኛል፤ ባሕር ዛፍ ለእርሷ የሚበላ ፍሬ የለውም፣ እርሷም ሰፊ ሜዳ አታቋርጥም። በጽድና በወይራ የተከበቡ የቤተ ክርስቲያን ቅጥሮች በብዙ የእርሻ አገር መካከል የቀሯት መጠጊያዎች ናቸው። ግቢያችሁ ሰፊ ከሆነና በጫካ አቅራቢያ የምትኖሩ ከሆነ ሾላ፣ ወይራ ወይም ዶቅማ ትከሉ፤ ለወፏ ከዚህ የተሻለ ግብዣ የለም።

ስለ ጎጆዋም ልጨምር። ጎጆዋ ከጭራሮ የተሠራ ስስ መደብ ነው፤ እንደ ሌሎች ወፎች ጥልቀት የለውም፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ይይዛል፤ ወላጆቹም በየተራ ይታቀፋሉ። ጫጩቶቹ መብረር ሳይችሉ ከጎጆው ወጥተው በቅርንጫፎች ላይ ይዳክራሉ። በክንፋቸው ላይ ትንሽ ጥፍር ስላለ በእርሱ እየተንጠላጠሉ ይወጣሉ። ስለዚህ ዛፍ ላይ የምትዳክር ጠቆር ያለች ጫጩት ብታዩ ወድቃ የተጎዳች መስሏችሁ ለማንሣት አትቸኩሉ። ሌላም አደራ አለኝ፤ የወፏን ድምፅ ከስልክ እያጫወቱ የሚጠሯት ሰዎች አሉ። ወፏ ሌላ ቱራኮ ግዛቷን የወረረባት እየመሰላት መመገቧንና መታቀፏን ትታ ትመጣለች። በመራቢያ ጊዜ ይህ ጉዳት ነው፤ በድምፅዋ ለይታችሁ መጠበቅ ከቻላችሁ አያስፈልጋችሁምም።

ሳይንስ ይህችን ወፍ ያወቃት ከኢትዮጵያ ነው። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል ከምጽዋ ተነሥቶ እስከ ጎንደር ከተጓዘ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1835 ስለ እርሷ ጽፎ አሳተመ። የምትኖረውም በኢትዮጵያና በኤርትራ፣ እንዲሁም በደቡብ ሱዳን ድንበር አካባቢ ነው። በምሥራቅ፣ ወደ ሐረርጌ ተራሮች ስትሄዱ ጉትዬዋ ከኋላ ወደ ቀይ የሚያደላ ዓይነት ታገኛላችሁ፤ ነጮቹ ምልክቶች ግን እዚያም አሉ፣ ወፏም ያችው ናት።

ወደ ደቡብ፣ ወደ ነገሌ ቦረና፣ ወደ ክብረ መንግሥትና ወደ አሬሮ የምትሄዱ ሰዎች ግን ጥንቃቄያችሁን ጨምሩ። በዚያ አገር በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማትገኝ ሌላ ቱራኮ አለች፤ የሩስፖሊ ቱራኮ ትባላለች። ታሪኳ የሚያስደንቅ ነው። ጣሊያናዊው ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ በደቡብ ኢትዮጵያ ሲጓዝ ወፏን አደነ፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1893 ዝሆን ገደለው። ከዕቃዎቹ መካከል የተገኘው ወፍ የት እንደታደነ የሚገልጽ ማስታወሻ አልነበረውም። ሳልቫዶሪ የተባለው የአእዋፍ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1896 አዲስ ዝርያ መሆኗን ጽፎ በሟቹ ስም ሰየማት፤ ከዚያ ግን የት እንደምትኖር ሳይታወቅ ዐሥርተ ዓመታት አለፉ። ዳግመኛ በዱር የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ ነው። አንድ ሰው ያየውን ወፍ የት እንዳየው ሳይጽፍ ሲቀር የሚመጣውን ችግር ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

የሩስፖሊ ቱራኮ ሰውነቷ ከእኛዋ ደጋ ቱራኮ ጋር ይመሳሰላል፤ አረንጓዴ ደረት፣ ሰማያዊ ጅራት፣ ቀይ ክንፍ። ልዩነቱ ሁሉ ራሷ ላይ ነው። ጉትዬዋ ጥቁር ሳይሆን ነጣ ያለ፣ ክሬም የመሰለ ነው። ከኋላ፣ ማጅራቷ አካባቢ ቀላ ያለ ቦታ አላት። ጉንጯ ላይ ግን ያ ነጭ መስመር የለም። ስለዚህ ነጩን የመፈለግ ልማድ እዚህም ያገለግላል፤ ነጩ ጉንጯ ላይ ነው ወይስ አናቷ ላይ? ጉንጯ ላይ ከሆነ የደጋዋ፣ አናቷ ላይ ከሆነ የሩስፖሊ ናት። የምትኖረውም በጽድ ጫካ፣ ከጫካው ጫፍና ከወንዝ ዳር ባሉ የሾላ ዛፎች ላይ ነው፤ ያ ጫካ ለከሰልና ለእርሻ መመንጠሩ ዋናው ሥጋቷ ነው።

ሁለቱ ዝርያዎች በሚገናኙበት አካባቢ ይዳቀላሉ። እዚያ ጉትዬዋ ግማሽ ነጣ ያለ ሆኖ ጉንጯ ላይ ደብዘዝ ያለ ነጭ ያላት ወፍ ልታዩ ትችላላችሁ። እንዲህ ያለች ካጋጠመቻችሁ በግምት ወደ አንዱ ወገን አታስጠጓት። ከጎን በኩል ራሷን ፎቶ አንሡ፤ የበረራ ፎቶ ቀዩን ያሳይ ይሆናል፣ ቀዩ ግን በሁለቱም ላይ ስላለ አይለያቸውም። ማስታወሻችሁ ላይ የጉትዬውን ቀለም፣ ማጅራቷ ላይ ቀይ መኖር አለመኖሩን፣ ጉንጯ ላይ ነጭ መኖር አለመኖሩን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቅርቡን መንደር ስምና የተቀመጠችበትን ዛፍ ጻፉ። ከዚያ ኢበርድ በሚባለው የአእዋፍ መመዝገቢያ ላይ አስገቡት፤ ወይም ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ላኩት። ስልካችሁ ቦታውን በካርታ ላይ የሚመዘግብ ከሆነ ፎቶውን ከማንሣታችሁ በፊት አገልግሎቱን ክፈቱት።